ተጋጣሚን አምኖ መጫወት

(በማኅበሩ የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ ስለ ቤተሰብ የዲስክ ጎልፍ ውድድር የቀረበ ንግግር)





ከእኔ በፊት የተናገሩት አባቶችና እናቶች ማኅበራችን እዚህ ናይሮቢ ከተማ ውስጥ እንዴት እንደተመሠረተ፣ ዕድሩ እንዴት እንደቆመ፣ የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት በስንት ድካም እንደተጀመረ በሰፊው ገልጸውልናል። ከእነዚህ ታላላቅ ጉዳዮች ቀጥሎ የእኔ ርእስ ቀላል ሊመስል ይችላል። የምናገረው የስፖርት ክፍላችን በየዓመቱ ስለሚያዘጋጀው ትንሽ የዲስክ ጎልፍ ውድድር ነው። “ክብ ሳህን ለሚወረወርበት ጨዋታ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?” የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

ሆኖም እንደሚታወቀው ስለዚህ ውድድር ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ውድድሩ የገንዘብ ሽልማት ይኑረው፣ የመመዝገቢያ ክፍያ ይከፈልበት፣ ከውጭም ዳኛ ይቀጠርለት የሚል ነው። ያቀረቡት ወንድሞች ለማኅበሩ ዕድገት አስበው እንደሆነ ጥርጥር የለኝም። ከመወሰናችን በፊት ግን ጨዋታው ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ለእኛ ምን እንደሠራልን ቆም ብለን ብናይ መልካም ነው። ዛሬ በመካከላችን ጨዋታውን አይተው የማያውቁ ወላጆችም ስላሉ ከመጀመሪያው ልነሣ።

ዲስክ ጎልፍ አሠራሩ ከጎልፍ ጋር አንድ ነው። በጎልፍ ትንሿ ኳስ በዱላ ተመትታ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። በእኛ ጨዋታ ደግሞ ከፕላስቲክ የተሠራ ክብ ዲስክ በእጅ ተወርውሮ፣ በብረት ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ከቅርጫቱ በላይ ዙሪያውን ሰንሰለቶች ተንጠልጥለዋል። ዲስኩ ሰንሰለቱን ሲመታ ጉልበቱ ይበርድና ወደ ቅርጫቱ ይወድቃል። ተጫዋቹ ከመነሻው ይወረውራል፤ ዲስኩ ካረፈበት ቦታ ሄዶ እንደገና ይወረውራል፤ እንዲህ እያለ እስኪያስገባ ድረስ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ውርወራ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሁሉንም ቅርጫት በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ሕጉ ይኸው ነው፤ የ7 ዓመት ልጅ በ5 ደቂቃ ይገባዋል።

የጨዋታው ታሪክም ደስ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 በካናዳ፣ በሳስካቸዋን ግዛት ብላድዎርዝ በምትባል ትንሽ መንደር የሚኖሩ የትምህርት ቤት ልጆች የቆርቆሮ ክዳን እየወረወሩ እንደ ጎልፍ ነጥብ ይይዙ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ፍሬድ ሞሪሰን የሚባል ወጣት ከወዳጁ ጋር የኬክ መጋገሪያ ሳህን ሲወራወር፣ አንድ ሰው አይቶ በ25 ሳንቲም ልግዛህ አለው። ሳህኑ በሱቅ የሚሸጠው በ5 ሳንቲም ነበር። ሞሪሰን ከዚህ ተነሥቶ ለመብረር የሚመች ዲስክ ሠራ፤ የማምረት መብቱንም በ1957 ዋም ኦ ለተባለ ኩባንያ ሰጠ። ፍሪዝቢ የሚለው ስም የመጣው በኮነቲከት ግዛት ብሪጅፖርት ከተማ ከነበረ የፓይ መጋገሪያ ድርጅት ስም ነው።

ዛሬ የምናውቀውን ዲስክ ጎልፍ መልክ ያስያዘው ግን በዚያው በዋም ኦ ይሠራ የነበረው ኤድ ሄድሪክ ነው። በ1975 በካሊፎርኒያ ኦክ ግሮቭ በተባለው መናፈሻ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ አዘጋጀ። በመጀመሪያ የሚወረወረው ወደ ተራ ምሰሶ ነበር። ችግሩ ዲስኩ ምሰሶውን ነካው አልነካውም የሚለው ነገር የማያልቅ ክርክር ማስነሣቱ ነው። በዚህ ምክንያት ሄድሪክ ባለ ሰንሰለቱን ቅርጫት ፈለሰፈ፤ የፈጠራ መብቱም በ1977 ተመዘገበለት። በ1976 የጨዋታውን ማኅበር መሠረተ፤ ማኅበሩ ዛሬ የዓለም አቀፉን ደንብ የሚያወጣው ነው። ሄድሪክ በ2002 ሲያርፍ፣ በኑዛዜው መሠረት አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠርቶበታል። ለእኛ ባህል እንግዳ ነገር ነው፤ ሰውዬው ግን ጨዋታውን ምን ያህል እንደወደደ ያሳያል።

ዛሬ ጨዋታው በአሜሪካ ብቻ የተወሰነ አይደለም። 5 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ባላት በፊንላንድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜዳዎች አሉ። የተስፋፋበትም ምክንያት ግልጽ ነው። እንደ ጎልፍ የተላጨ ሣርና ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ዛፍና ቁጥቋጦ ያለበት ቦታ እንዲያውም ይመረጣል። ብዙዎቹ ሜዳዎች በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ስለሚገኙ ያለ ክፍያ ይገባባቸዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የእኛ ውድድር የተጀመረው በአንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ ይዞልን በመጣ ጥቂት ዲስክና በፕላስቲክ የልብስ ቅርጫት ነበር። ቅርጫቱ ሰንሰለት ስላልነበረው በደንብ የተወረወረውም ዲስክ ነጥሮ ይወጣ ነበር። ቀጥሎ ወደ ካሙኩንጂ ሄድን። ካሙኩንጂን የማያውቅ የናይሮቢ ነዋሪ የለም። ጁዋ ካሊ የሚባሉት፣ ስማቸው በስዋሂሊ “ጠንካራ ፀሐይ” ማለት የሆነው የእጅ ባለሙያዎች ከጠዋት እስከ ማታ ብረት ሲቀጠቅጡ የሚውሉበት ሰፈር ነው። ብረት ምጣድ፣ የከሰል ምድጃ፣ የልጆች ሣጥን ከዚያ ይወጣል። ሥዕሉን ስናሳያቸው በመጀመሪያ “ይህ የዶሮ ቤት ነው?” ብለው ሳቁብን። ከዚያ ግን አንድ ባለሙያ ዲስኩን ተቀብሎ ጥቂት ጊዜ ወደ ሰንሰለቱ ከወረወረ በኋላ፣ አንድ ረድፍ ሰንሰለት ዲስኩን አሾልኮ እንደሚያሳልፈው አይቶ፣ ሁለተኛ ረድፍ ወደ ውስጥ ጠጋ አድርጎ እንዲጨመር እርሱ ራሱ መከረን። የተሠሩት ዘመናዊ ቅርጫቶችም ውስጠኛና ውጭኛ ሰንሰለት ያላቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ ያሉን 9 ቅርጫቶች የካሙኩንጂ ሥራ ናቸው። ኢትዮጵያውያን የሚጫወቱበት፣ በካሊፎርኒያ የተፈለሰፈ፣ በኬንያዊ እጅ የተበየደ ቅርጫት ማለት ነው።

ስለ አየሩም ጥቂት ልበል፤ ልጆቹ ሁልጊዜ የሚጠይቁት ነገር ነው። ዲስክ የሚበረው በሁለት ነገር ነው፤ በመሽከርከሩና አየር ከሥሩ ስለሚደግፈው። ቀኝ እጁን ከደረቱ ወደ ውጭ ዘርግቶ የሚወረውር ሰው ዲስኩ ፍጥነቱ ሲቀንስ ወደ ግራ ያጋድላል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ሳሳ ያለ ነው፤ ዲስኩን የሚደግፈው ኃይልም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ዲስኩ ወደ ግራ መጋደሉን ቀደም ብሎ ይጀምራል። ከሞምባሳ የሚመጡ ወገኖቻችን በመጀመሪያው ቅርጫት ላይ ሁሉም በግራ በኩል ካለው አጥር ሥር ተሰብስበው ዲስካቸውን ሲፈልጉ የምናየው ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ቢጫወቱማ፣ ከዚህም ከፍታ ስላላት፣ ይብስባቸው ነበር።

የውድድሩ አካሄድ እንዲህ ነው። ከረጅሙ ዝናብ በኋላ፣ ሜዳው ሲደርቅ፣ አንድ ቅዳሜ ይመረጣል። ተወዳዳሪው በአራት በአራት ሰው ይመደባል። ምድቡ በዕጣ ይወጣል፤ ነገር ግን በአንድ ምድብ ውስጥ ቢያንስ አንድ ልጅና አንድ ትልቅ ሰው እንዲኖር፣ የአንድ ቤት ሰዎችም አንድ ላይ እንዳይሆኑ ይደረጋል። የመጀመሪያው ዙር ለየራስ ነው። ሁለተኛው ዙር በጥንድ ነው፤ አንድ ልጅና አንድ ትልቅ ሰው ይጣመራሉ። ሁለቱም ይወረውራሉ፤ ከሁለቱ የተሻለው ይመረጣል፤ ቀጣዩንም ሁለቱ ከዚያ ቦታ ይወረውራሉ። በዚህ አሠራር የትልቁ ሰው ጉልበትና የልጁ ዓይን ይገናኛሉ። ሩቅ መወርወር የማይችል የ9 ዓመት ልጅ ከ5 ሜትር ሲያስገባ ጥንዱን የሚያድነው እርሱ ነው። “እኔ እንኳ ለማየት ነው የመጣሁት” ይሉ የነበሩ እናቶችም ዛሬ ከወንዶቹ በልጠው ሲጨርሱ አይተናል።

ስለ እናቶች ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በማኅበራችን በዓላት ላይ ወንዶች ሲጫወቱ ሴቶች ምድጃ አጠገብ የሚውሉበት ልማድ ነበር። በዚህ ውድድር ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የተወሰነው ሕግ፣ በጠቅላላ ድምር መጨረሻ የወጣው ምድብ ቡና ያፈላል የሚል ነው። ወንድም ሴትም፣ ትልቅም ትንሽም ሳይለይ ማለት ነው። በዚህ ሕግ ምክንያት ጀበና ይዘው የማያውቁ አባቶች ረከቦት አጠገብ በርጩማ ላይ ሲቀመጡ ያላየ ሰው የውድድሩን ግማሽ አላየም። ሦስተኛው ቡና ሲደርስም ማን እንዳሸነፈ የሚያስታውስ አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ እመጣለሁ። በዚህ ጨዋታ ዳኛ የለም። ነጥቡን የሚይዙት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። በዓለም አቀፉ ደንብም ቢሆን ነጥብ የመያዝ ግዴታው በምድቡ አባላት መካከል በተራ የሚከፋፈል ነው። አንድ ቅርጫት ሲያልቅ ጸሐፊው የእያንዳንዱን ስም ይጠራል፤ የተጠራውም የወረወረውን ቁጥር ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሌሎቹም ይሰማሉ። ስለዚህ የእኔን ነጥብ የሚጽፈው ሊያሸንፈኝ የተሰለፈው ተጋጣሚዬ ነው። የእርሱን ደግሞ እኔ እጽፋለሁ።

በነገራችን ላይ በእኛ ውድድር ይህ ጥሪና መልስ በአማርኛ ብቻ ነው። ናይሮቢ ተወልደው “ታቱ” እና “ኔ” ይሉ የነበሩ ልጆች ዛሬ “ሦስት” እና “አራት” ይላሉ። ነጥባቸው እንዳይሳሳትባቸው ሲሉ ከማንም በላይ ጥርት አድርገው ነው የሚናገሩት። የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን መምህራን በጥቁር ሰሌዳ የለፉበትን ሜዳው ያግዛቸዋል ማለት ነው።

ደንቡ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ተጫዋች የራሱ ተራ ካለቀ በኋላ ወደ ስልኩ መመልከት አይገባውም። ተጋጣሚው ሲወረውር ማየት፣ ዲስኩ ቁጥቋጦ ውስጥ ቢገባ አብሮ መፈለግ አለበት። ለፍለጋ የሚሰጠው ጊዜ 3 ደቂቃ ነው። ካልተገኘ ባለቤቱ አንድ ቅጣት ይጨመርበትና ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። እስቲ አስቡት፤ የተጋጣሚዬ ዲስክ ቢጠፋ የምጠቀመው እኔ ነኝ። ሕጉ ግን ጎንበስ ብለህ ፈልግለት ይለኛል። በምድቡ ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ብዙኀኑ በአንድ ሐሳብ መስማማት ካልቻለ ደግሞ፣ ውሳኔው ለወርዋሪው በሚጠቅመው በኩል እንዲሆን ደንቡ ያዛል። ጥርጣሬው የሚነበበው ለሰውየው እንጂ በሰውየው ላይ አይደለም። ስንቱ የማኅበር ጠብ በዚህ አንድ አንቀጽ በበረደ ነበር!

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ሲነበብ ያምራል፤ በሜዳ ላይ ሲመጣ ግን ይከብዳል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ የሚከብደን አንድ ነገር አለ። ከቅርጫቱ በ10 ሜትር ክልል ውስጥ ሆኖ የሚወረውር ሰው፣ ዲስኩን ከለቀቀ በኋላ ሚዛኑን ጠብቆ ሳይቆም ከምልክቱ ወደ ፊት መራመድ አይፈቀድለትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሁላችንም የምናከብራቸው አባት ሲወረውሩ ወደ ፊት ተንገዳገዱና ምልክቱን አለፉ። ዲስኩ ግን ገብቷል፤ ተመልካቹም አጨብጭቧል። የዚያ ምድብ ጸሐፊ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ትንሽ ዝም አለና፣ “አባባ፣ እግርዎ ምልክቱን አልፏል” አላቸው። ከዳር የቆመች እናቱ ደንግጣ “ነውር ነው! ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም!” ብላ ተቆጣችው።

በዚያች ቅጽበት ሜዳው ጸጥ አለ። ደንቡ እንደሚለው የአንዱን ቃል ሌላ የምድቡ አባል ማረጋገጥ ነበረበት፤ አዋቂዎቹ ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር። ዝምታውን የሰበሩት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው። “ተዪው ልጄ፣ አትቆጪው። ያየውን ነው የተናገረው። አልፌያለሁ፤ ጻፍብኝ የኔ ልጅ” አሉ። ልጁም ጻፈ። እኚያ አባት በዚያ ዓመት ሦስተኛ የሚያወጣቸው ነጥብ በዚህች ቅጣት አመለጣቸው። ማታ ቡና ላይ ግን ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ “ዛሬ ሒሳቤን የያዘልኝ ሰው ይኸ ነው” እያሉ ለመጣው ሁሉ ያስተዋውቁት ነበር።

ውድ ወገኖቼ፤ ልጆቻችን ታላቅን እንዲያከብሩ እንፈልጋለን። እውነትን እንዲናገሩም እንፈልጋለን። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲመጡባቸው ግን ምን ማድረግ እንዳለባቸው የምናስተምርበት ቦታ ብዙ የለንም። በቤታችን “ዝም በል” ማለት ይቀለናል። በሚማሩበት ትምህርት ቤት ደግሞ መናገሩን እንጂ አክብሮቱን አይማሩትም። ያ ልጅ በዚያ ቀን “እርስዎ” እያለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እውነቱን ተናገረ። ሽማግሌውም ክብራቸው እንዳልተነካ አሳዩት። ይህን ትምህርት የቀጠርነው ዳኛ ሊሰጥልን አይችልም። ዳኛ ቢኖር ኖሮ ፊሽካ ይነፋል፤ ሽማግሌው በዳኛው ያዝናሉ፤ ልጁም ምንም ሳይማር ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሌላው ነገር ስለ እኛ ስለ ትልልቆቹ ነው። ሁላችንም የምናውቀውን መሸፋፈን አያስፈልግም። ባለፉት ዓመታት በአገራችን የደረሰው ሐዘን እዚህም ድረስ መጥቶ በቤታችን ገብቷል። በአንድ ማዕድ ይቀመጡ የነበሩ ሰዎች ሰላምታ የተነፋፈጉበት፣ በለቅሶ ቤት እንኳ ፊት ለፊት የተቀመጡ ወገኖች ዓይን ለዓይን መተያየት ያቃታቸው ጊዜ ነበር። ማኅበራችንም በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው ተለይቶታል። ዕርቅ እንዲወርድ ሽማግሌዎች የደከሙትን ድካም እግዚአብሔር ይክፈላቸው። እኔ በሜዳ ላይ ያየሁትን ብቻ ልናገር። ዕጣው ሁለት የማይነጋገሩ ሰዎችን በአንድ ምድብ አወጣቸው። ምድብ ይቀየርልን ሊሉ ይችሉ ነበር፤ አላሉም። በመጀመሪያው ቅርጫት አንዱ የሌላውን ስም ለመጥራት ተገደደ፤ ሌላውም “አራት” ብሎ መለሰ። ያ “አራት” ከብዙ ወራት በኋላ የተነጋገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው። በአምስተኛው ቅርጫት የአንደኛው ዲስክ አጥሩ ሥር ካለው እሾህ ውስጥ ጠፋ፤ ሁለቱም ተንበርክከው ሲፈልጉ አገኘናቸው።

ታርቀዋል አልልም። ዕርቅ ከዲስክ ውርወራ የሚበልጥ ነገር ነው። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ሒሳብ በትክክል ጽፎለት፣ ሌላውም አይቶ ተቀብሎ ወጥቷል። ሰው ተጋጣሚው ነጥቡን ሳይቀንስበት ሲጽፍለት፣ “ይህ ሰው በሌላውም ነገር ላይበድለኝ ይችላል” ብሎ ማሰብ ይጀምራል። ማኅበር የሚቆመው በዚህ ዓይነቱ ትንሽ እምነት ላይ ነው። ዕድራችንም ቢሆን የቆመው ገንዘብ ያዡ በየወሩ በሐቅ ስለጻፈ እንጂ ፖሊስ አጠገቡ ስለቆመ አይደለም።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስም አይደለም። በአገራችን የገና ጨዋታ ሲጫወቱ፣ በዚያ ዕለት ጌታውም ሎሌውም በአንድ ሜዳ ገብቶ ከእንጨት የተሠራችውን ሩር ይለጋል፤ ጌታው ቢመታም ሎሌውን አይቆጣውም። አባቶቻችን በዓመት አንድ ቀን ሰዎች በማዕረጋቸው ሳይሆን በጨዋታው ሕግ ብቻ የሚተያዩበት ሜዳ እንደሚያስፈልግ ያውቁ ነበር። እኛ በሰው አገር ስንኖር ገናን የምንጫወትበት ሰፊ መስክና በቂ ወጣት ባናገኝም፣ ያንን ቀን በሌላ መልክ አግኝተነዋል።

እንግዲህ ወደ ቀረበው ሐሳብ ልመለስ። የሐሳቡ ባለቤቶች ያነሧቸው ምክንያቶች ክብደት አላቸው። ገንዘብ ቢኖር ወጣቶች በብዛት ይመጣሉ ብለዋል፤ እውነት ነው። ዳኛ ቢኖር ክርክር ይቀንሳል ብለዋል፤ እርሱም እውነት ሊሆን ይችላል። ከሚገኘውም ገቢ ለትምህርት ቤታችን መጻሕፍት ይገዛል ብለዋል፤ ይህንን ማንም አይጠላም። በሌላ በኩል ግን ሦስት ልጆች ያሉት አባት ለአራት ሰው መመዝገቢያ ሲከፍል ምን እንደሚሆን እናስብ። ሁለቱን ልጆች ቤት ትቶ ይመጣል፤ ወይም ራሱ ዳር ቆሞ ያያል። የመጀመሪያው ሽልማት ብዙ ገንዘብ ሲሆን ደግሞ ያ የ12 ዓመት ልጅ የሚጽፋት አንዲት ቅጣት የቤት ኪራይ የምታህል ነገር ትሆናለች። ያን ጊዜ ማንም ልጅ እንዲጽፍ አይፈቅድለትም፤ እርሱም ደፍሮ አይጽፍም። ሽማግሌውም “ጻፍብኝ” ለማለት ይቸግራቸው ይሆናል። ገንዘብ በራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም። መተማመናችን ገና ቀጭን ክር ስለሆነ፣ ከመጠኑ በላይ ዕቃ አንስቀልበት ለማለት ነው።

ስለዚህ የስፖርት ክፍሉ ለጉባኤው የሚያቀርበው የሚከተለውን ነው። አንደኛ፣ የቤተሰቡ ውድድር ያለ ክፍያና ያለ ገንዘብ ሽልማት እንደነበረ ይቀጥል፤ ሽልማቱም እንደ ወትሮው ድፎ ዳቦና የአሸናፊዎቹ ስም የሚጻፍበት የእንጨት ሰሌዳ ይሁን። ሁለተኛ፣ የተጋጣሚን ነጥብ የመጻፉ ሥርዓት አይለወጥ፤ ደንቡም በቀላል አማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለየቤቱ ይታደል። ሦስተኛ፣ ጎበዝ ወጣቶቻችን ከፍ ያለ ውድድር ቢፈልጉ በሌላ ቀን ራሱን የቻለ ይዘጋጅላቸው፤ የስፖርት ክፍሉ በሙሉ ልብ ይረዳቸዋል። አራተኛ፣ ለትምህርት ቤቱ መጻሕፍት የሚሆነው ገንዘብ በቡናው ጊዜ በሚዞር ሙዳየ ምጽዋት ይሰብሰብ፤ ማን ምን እንደሰጠም አይታወቅ። አምስተኛ፣ ጎረቤቶቻችን የሆኑ ኬንያውያን ቤተሰቦችም ይጋበዙ። ቅርጫቱን የበየደልን ባለሙያ ከነልጆቹ መጥቶ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጫወትበት መቅረቱ አግባብ አይደለም።

በመጨረሻም ለወላጆች አንድ ልመና አለኝ። ልጆቻችሁን ስታመጡ “አሸንፍ” ብላችሁ ብቻ አትላኩ። “የሌላውን ሰው ነጥብ በትክክል ጻፍ” በሏቸው። ከ25 ዓመት በኋላ፣ ማኅበራችን በእግዚአብሔር ፈቃድ ወርቅ ኢዮቤልዩውን ሲያከብር፣ የዕድሩን መዝገብ የሚይዙት፣ ሊቀ መንበርና ሒሳብ ሹም የሚሆኑት እነርሱ ናቸው። ያን ጊዜ የማንኛችንም ልጅ በሌላው ልጅ እጅ ጽሑፍ መተማመን ከቻለ፣ ትንሿ ውድድራችን ሥራዋን ሠርታለች ማለት ነው።

የዘንድሮው ምዝገባ ዛሬ ከምሳ በኋላ በመግቢያው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ይጀመራል። ዲስክ የሌለው ሰው አይጨነቅ፤ ከማኅበሩ ይሰጠዋል። ባለፈው ዓመት ቡና ያፈሉት አባቶች ዘንድሮ ሲለማመዱ መክረማቸውን ሰምቻለሁና፣ የተቀራችሁት ከወዲሁ ተጠንቀቁ።